ስንቅ

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃጨርቁ ግንብ ጀርባ፣ ጥር ሲጋመስ፣
ባለ ጡረታው ጋሽ አራጋው ቆረጠልኝ ከግቢው በለስ፤
አምስት ጭራሮ፣ ውፍረቱ እርሳስ፣
አራት አራት ዓይን ያለው፣ ነጭ ወተት የሚያለቅስ።

«ታቹ በሰያፍ የተቆረጠው፣ ላዩ ቀጥ ያለው ነው» አለ፤
«ተገልብጦ የተተከለ፣ ሥሩን ሰማይ ላይ ሲፈልግ ዋለ።»

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ
ከጎኔ ያለው ሰውዬ እርጥቡን ጋዜጣ አየና፦
«እሾሃሙ በለስ ነው?»
«አይደለም፤ ቁርኣንም ወንጌልም የሚጠሩት ነው።»
«እሱን እንኳ» አለ፣ «ስሙን እንጂ መልኩን አናውቀው።»

ደሴ፣ ሳላይሽ፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት።
መሬት የለኝም።
አምስት የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ቆረጥሁ፣
ታቻቸውን በጋለ ምስማር በሳሁ፣
የቦርከናን አሸዋ በፈላ ውኃ ሦስቴ አጥቤ ሞላሁ።
ብርሃን ሥርን ያባርራል ስለተባልኩ
በጥቁር ፌስታል ጠቀለልሁ።

የአከራዬ ልጅ ጣይባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቅ ትላለች፤
«እስካሁን እንጨት ነው?» ትላለች።
እንጨት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አምስቱም አቆጠቆጡ።
ለጋሽ አራጋው ደወልሁ፣ እልል ለማለት ትንሽ ቀርቶኝ።
«ቆይ» አለ፣ «አትደሰቺ። ስንቁን እየበላ ነው።
ሥር ሳይኖረውም ቅጠል ያወጣል።
ስንት ሰው አለ እንዲያ የሚኖር!»

ሦስቱ ስንቃቸውን ጨርሰው ጠቆሩ።
አራተኛውን የገደልሁት እኔ ነኝ፤
ሥር ይዞ እንደሆን ልይ ብዬ ሳብ አደረግሁት።
ይዞ ነበር።
ሦስት ነጭ ክር፣
ተበጥሶ አሸዋው ውስጥ ቀረ።

አምስተኛውን አልነካሁም።
ከበሩ ኋላ፣ ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ፣ እንደረሳሁት ሆንሁ።
ሚያዝያ ላይ ፌስታሉን የገለጠችው ጣይባ ናት፦
«ነይ እዪ! እንጨቱ ጺም አወጣ!»
ሥሩ የጠርሙሱን ግድግዳ ነክቶ ይዞራል፣
መውጫ አጥቶ ተመልሶ ይዞራል።

ግንቦት ላይ ኪራይ ተጨመረ።
ፍራሽ፣ ባልዲ፣ አንድ ወንበር፤ ባጃጅ ላይ ጫንሁ።
«ይሄስ ይጣል?» አለ ሹፌሩ ጠርሙሱን አንጠልጥሎ።
ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።

ወደ ሆጤ ልንታጠፍ ስንል ዞሬ አየሁ፦
ጣይባ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ
እኔ የጣልኋቸውን አራት የሞቱ እንጨቶች
ተክላ ውኃ ታጠጣለች።
አንዱ ተገልብጧል።
ልጮህላት አፌን ከፍቼ
ተውሁት።