ስድስት ሰዓት በአካ

"አንድ ተኩል ላይ ይነሣል አውቶቡሱ" አለ አስጎብኚያችን ቻላቸው፤
"በኛ ነው በነሱ?" አሉ እማሆይ አጸደ፣ ሰዓት የሌላቸው።
"በነሱ ነው እማሆይ። በኛ ሰባት ተኩል።"
ከዚያ ሰው ተበተነ፣
ወደ ሱቁና ወደ ዓሣ ጥብሱ፣ እኩል በእኩል።

ፋሲካ ሦስተኛ ቀኑ፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጦመን ሆድ ማን ይመልሰዋል?
እኔን ግን ከጣሪያዎቹ በላይ አንድ አረንጓዴ ጉልላት ጠቅሶኛል፤
ጎኑም እንደ ተቀረጸ እርሳስ የቀጠነ ሚናራ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ደሴ ፒያሳ ሰዓት የሠራ
ቀጭን ነገር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፤
ትኬት ቆረጥኩ፤ ለትኬት ሃይማኖት አይጠየቅም።

ደጃፉ ላይ ፈረንጆቹ ከጫማ ማሰሪያ ጋር ትግል ይዘዋል፤
አንዱ በአንድ እግሩ ቆሞ እንደ ሽመላ ይንገዳገዳል።
እኔ ተረከዜን ረግጬ አወለቅሁና ገባሁ፤
በተቀደሰ ደጅ ጫማ ማውለቅን
ከእናቴ ጀርባ ሳልወርድ ያወቅሁ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ምንጣፉ እግሬን ዋጠው።
ጽሕፈቱ በግድግዳው ዙሪያ ይሮጣል፤ አንብቤ አልዘልቀው፤
ያልተንቀጠቀጠ እጅ ግን ሳየው አውቀዋለሁ።
ያሠራው ፓሻ "አራጁ" ይባል እንደ ነበር
ሰሌዳው ላይ አነበብኩ፤
ዓምዶቹንም ከቂሣርያ ፍርስራሽ እንዳስመጣቸው።
ቀና አልኩ። አራጅ፣ እና ይህን የመሰለ ብርሃን?
እንጃ። የሰዓት ክዳን እንጂ
የሰው ልብ ከፍቼ አላውቅም።

ግቢው ውስጥ፣ ከዘንባባው ጥላ አለፍ ብሎ፣
የፀሐይ ሰዓት አገኘሁ።
ያለ ሞላ። ያለ ጥርስ። ያለ ባትሪ።
አንድ ዘንግ፣ አንድ ጥላ፣ የፈዘዙ መስመሮች።
ጎንበስ አልኩ፤ እንደ ልማዴ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
ጥላው ልክ እኩለ ቀን ላይ፤
የእጄ ሰዓት ግን ስድስት ከአርባ።

"ቆሞብሃል" አለኝ ከኋላዬ ድምፅ። ጠባቂው ነው፤ ሸኪብ ይባላል፤
ጢሙ ነጭ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቁልፉ ወገቡ ላይ ይንቃጨላል።
ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ አሥራ ሁለት ከአርባ።
"አልቆመም" አልኩት፣ ሁለታችንም በምንሰባብረው እንግሊዝኛ፤
"እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው።"
"እናንተ እነማን?"
"ሐበሻ።"
"ሙስሊም?"
"የናቴ አባት ነበረ።"
በወሎ አማርኛ ይህ ሙሉ መልስ ነው።
ሳቀ፤ የገባው መሰለኝ።

"አያቴም ከፀሐይ መግቢያ ነበር የሚቆጥረው" አለ፤
"እንግሊዝ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፤ እሱ ሰዓቱን አልነካም።
በሞተ ማግሥት ቆመች። እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ናት።"
"ስትነቀንቃት ድምፅ አላት?"
"እንደ ጠጠር።"
"እንግዲያ ሚዛኗ ነው የወደቀው። አምጣት።"
"ነገ።"
"ነገ ናዝሬት ነን።"

ዝም ብለን ጥላውን አየን።
ከመስመሩ ሳይወርድ አዛኑ ከላያችን ወረደ።
ሸኪብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ሄደ።
ጎብኚ ይውጣ ተባለ፤ ወጣሁ።
ለማውለቅ የፈጠነ እግር ለማጥለቅ ዘገየ፤
ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

አውቶቡሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እኔ ምሳ አልበላሁም።
"ምን አየህ?" አሉኝ እማሆይ።
"የድንጋይ ሰዓት።"
"ልክ ነው?"
"አርባ ደቂቃ ይዘገያል።"
"እሱ ነው የሚዘገየው?" አሉና
ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ቻላቸው ራስ ራሳችንን እየነካ ቆጠረን፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ቆጠረ።
ባሕሩ በመስኮቱ መሮጥ ሲጀምር
የሰዓቴን ቁልፍ በጥፍሬ ሳብኩና፣
በሠላሳ ስምንት ዓመት ለአንድ ደንበኛ እንኳ ያላደረግሁትን፣
አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ መለስኩት።