ስንት ሰዓት ፈጀ?

«እማ፣ ይሄ ሙዳይ ስንት ሰዓት ፈጀ?» አለች
ኖጋ፣ ትንሿ ልጄ፣ ስልኳን እንደያዘች።
ምን ብዬ ልንገራት?
ስጀምረው የጎረቤቴ ልጅ ኩፍኝ ይዞት ነበር፣
ስከድነው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወርድ ነበር።
በዚህ መሀል ያለውን ማን ሰዓት ይለዋል?
«አርባ ጻፊ» አልኳት፤ «አርባ ሰዓት ይበቃል።»

ጻፈች። በአርባ አባዛች፣ የክሩን ደመረች፣
የካርቶኑን፣ የፖስታውን… ከዚያ ዝም አለች።
በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ቂርያት ጋት የለም፣
ምናልባት ቴል አቪቭም፣ ምናልባት የትም።
ግማሹን ሰረዘች።
ሃያዋ ሰዓቴ እንዲሁ ሜዳ ላይ ቀረች።

ስንደዶ እዚህ አይበቅልም፤ ከባቡር ሐዲዱ ዳር
ሚያዝያ ላይ፣ ሳይደርቅ የማጭደው ሣር።
ክሩ ከማክሰኞ ገበያ፣ ከቡኻራዋ ሴት፣
«ደግሞ ምን ልትሰፊ?» ከምትለኝ በየሳምንት።
ወስፌው የአባቴ ነው፤
ከሰባራ ማጭድ ቀጥቅጦ ያሾለው።

ያን አባቴን መንደሩ «ባለእጅ» ይለው ነበረ፣
ሰላምታውን ከሩቅ፣ እየተጠረጠረ።
አሁን ኖጋ ከፎቶው ሥር «በእጅ የተሠራ» ብላ ስትጽፍ
ዋጋው ከፍ ይላል አሉ። ከፍ።
እጁ ያው እጅ ነው። ሳቅሁ፤ ግን አልነገርኳትም፣
ስድብ ሲሸጥ እንዴት እንደሚወራ አላውቅም።

ፎቶውን ያነሣነው ከልብስ ማጠቢያው ላይ፣
ነጭ አንሶላ ዘርግተን፣ በመስኮቱ ፀሐይ።
«እጅሽም ይግባ» አለችኝ። እጄን ደበቅሁት፤
የሆስፒታል ወለል፣ ክሎሪን የበላው ጣት
ማን ሊያይ?
«እሱ ነው የሚሸጠው፣ እማ።» ሸጠው።

መጀመሪያ ከሃይፋ አንዲት ሴት ገዛች፤
ስልኩ ጢን ሲል ኖጋ ከአልጋዋ ዘለለች።
ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የሠርግ ትእዛዝ መጣ፦
ሠላሳ ትንንሽ ሙዳይ፣ አንዱ ካንዱ ያልወጣ።

ድሮ የምሰፋው ማታ፣ እግሬን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሬ፣
ወሬ እየሰማሁ፣ ጥለቱን ከራሴ ፈጥሬ፤
ደስ ሲለኝ አረንጓዴ፣ ሲከፋኝ ጥቁር።
አሁን ሐምራዊ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ። ቁጥር።
በአሥራ ሰባተኛው አውራ ጣቴ አበጠ፤
ባሌ አስረስ ፋሻ ይዞ መጣ፣ ምንም ሳይል ተቀመጠ።

ሠላሳው ሄደ። ከሳምንት በኋላ መልእክት ደረሰ፦
«በአንዱ ላይ መስመሯ ተጣማለች፤ ግማሽ ገንዘብ ካልተመለሰ…»
ፎቶዋን ሳያት ወዲያው አወቅኋት፤
ዓርብ አመሻሽ፣ ከፀሐይ ጋር ተሽቀዳድሜ የጀመርኳት።
ሰንበት ገባች። ወስፌውን ካለበት ተውኩት፣
ክሩን መሀል መስመር ላይ እንደተንጠለጠለ ተሰናበትኩት።
ቅዳሜ ማታ ስመለስ እጄ ዐርፏል፣ ላልቷል፤
ክሩም አብሮት ላልቷል።
ያቺ ጠማማ ቦታ
ሰንበት የተኛችባት ናት።

ኖጋ ስትሰማ ዓይኗ በራ፤ «እንጻፈው! እማ፣ እንጻፈው!
‹የሰንበት ስፌት› ብለን በየክዳኑ እንለጥፈው!
ይሻሙበታል!»
ልክ ናት። ይሻሙበታል።
«እጄን ሽጪው» አልኳት፤ «የአባቴን ወስፌ፣ ወገቤንም።
ሰንበትን ግን እኔ አልሰፋኋትም፤ አልሸጣትም።»
ሁለት ቀን ተኳረፍን። ገንዘቡን መለስን።

ሱቁ አለ። በወር አምስት፣ ስድስት ይሄዳል።
የሰረዘቻትን ሃያ መልሳ ጽፋለች፤ የሚገዛ ይገዛል።
«አንድ ዓይነት ይሁን» ለሚል መልሱን እኔ አስጽፋለሁ፦
አንድ ዓይነት እጅ የለኝም።

ዓርብ፣ ፀሐይዋ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ስትዘቀዝቅ፣
ስልኩን ከኖጋ እቀበላለሁ፣ እያጉረመረመች፣ እየሣቀች፤
ያልተሸጠው ትልቁ ሙዳይ ውስጥ
ከነሱቁ አስተኝቼ እከድነዋለሁ።
አንዳንዴ ከክዳኑ ሥር ጥዝ ይላል፣ እንደ ንብ፤
ከሩቅ ከተማ አንድ ሰው ዋጋ እየጠየቀ ይሆናል።
ኖጋ እኔን ታያለች።
እኔ ጥለቱን።