ኮከብ ቆጣሪ

ሃያ ሁለት ዓመት ኮከብ ቆጠርኩ፣ ሰማይ ሳላይ፣
ቢለፌልድ ውስጥ፣ ከፑዲንግ ፋብሪካው በላይ፣
ጭቃ ሜዳ ዳር፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር፣
እርሳሴን በምራቄ እያራስኩ፣ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስመሰክር።

ኳሷ እንቁላል ናት፤ በእግር አትጠለዝም፤
ኳርተርባክ የሚሉት ልጅ ይይዛታል፤ ግን አያቆያትም።
ሦስት ሰከንድ አለው። ሦስት ብቻ። ከዚያ ወዲያ
መቶ ሃያ ኪሎ ሰው ይወርድበታል፣ ያለ ይቅርታ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ።
ያችን ሦስት ሰከንድ አስቀድሜ እንድናገር ነው የተቀጠርኩት፣
ልጁ ገና ሃያ ሳይሞላው፣ በሜትር፣ በሚዛን፣ በሰዓት በለካሁት።

መጀመሪያ ስንዝር ነው።
መዳፍህን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ እለዋለሁ፤
ከአውራ ጣት እስከ ማርያም ጣት እለካለሁ።
ሃያ አራት ሴንቲ፦ «ጥሩ»። ሃያ ሁለት፦ «በዝናብ ቀን ኳሷ ታመልጠዋለች ያሰኛል»።
አባቱ ከመስታወቱ ማዶ ከንፈሬን ለማንበብ ይታገላል።

ዛሬ የሄኒንግን ገጽ ገለጥኩ። የራሴው የእጅ ጽሑፍ፦
«ክንዱ ወንጭፍ። ትከሻው የበር መቃን። የሚያስቆመው የለም፤ ይለፍ።»
አምስት ኮከብ። ከሥሩ ሁለት መስመር።
ቀጥሎ ታይላን፦ «አጭር። ይቸኩላል።» አንድ ኮከብ፣ እሷም ለጨዋነቱ ነበር።

ሄኒንግ በሁለተኛው ዓመት ዓይኑ መሬት ለመደ፤
ሰው ሲመጣበት ሣር ሣሩን ያያል። ክንዱ ደህና ነው፤ ሌላ ነገር ነው የተናደ።
ታሪኩ እዚህ ላይ ቢገለበጥ ደስ ባለኝ ነበር፣
አምስቱ ወደቀ፣ አንዱ ነገሠ ብዬ ባወራ ለመንደር።
ታይላንም አልነገሠም። አንድ ዓመት የተጠባባቂ ወንበር አሞቀ፣
ከዚያ የጥርስ ሕክምና ተማረና በእኔም በኳሷም ሳቀ።
ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ልክነቴ ግን አልጣመኝም፤
በምን ልክ እንደሆንኩ እኔም አላውቅም።

ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ስም።
አሥራ ዘጠኙ እንዳልኩት ሆኑ፤ ሃያ ሁለቱ አልሆኑም።
አንዱ ይቆየን።
ሳንቲም ወደ ላይ ብወረውር፣ ንስር ወይ ቁጥር ብል፣
ሳንቲሟ ቢያንስ ምሳ አትጠይቅም፣ የሆቴል አበል።

ከገጾቹ ዳር የጻፍኩትን ቀን አየሁት።
ኤልከ ሻንጣዋን ይዛ በወጣች ወር ያየኋቸው ልጆች ስድስት፤
ስድስቱም፣ አንድ ሳይቀር፣ «ቆራጥነት ይጎድለዋል» የሚል አለባቸው።
ጥርሴን ባመመኝ ሳምንት የመጡት ቀርፋፎች ናቸው።
ዝናቡ አባርቶ፣ ከፋብሪካው የቫኒላ ሽታ ሲመጣ የታዩት ደግሞ
ሁሉም «ተስፋ የሚጣልበት»፣ ሁሉም «አስተዋይ»።
የማን ስንዝር ነበር?

ያ የቀረው አንድ ገጽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ዮርን ቪተንብሪንክ። ስንዝር አለ፤ ኮከብ የለም።
ጥያቄ ምልክት ብቻ። ያን ቀን ምን እንዳየሁ ትዝ አይለኝም።
ከሁሉም ሳልዋሽ የጻፍኩት እሱን ብቻ ይመስለኛል፤ አልምልም።

ሄኒንግ አሁን አውቶቡስ ይነዳል። ወደ ገበያ ስወርድ እሳፈራለሁ።
«ደህና አደሩ» ይለኛል። ቲኬቴን አሳያለሁ።
ትናንት ያንፕላትስ ጋ አንድ ብስክሌተኛ ከፊቱ ገባ።
ፍሬኑ ሲጮህ፣ ቀና ብዬ በመስታወቱ ፊቱን አየሁ፤
ዓይኑ መሬት አልነበረም።
መሪውን የያዘች እጁ ሃያ አራት ሴንቲ ናት፤ እሷስ ያው ናት።
እጄ ሳላዛት ኪሴ ገብታ እርሳስ ስትፈልግ ያዝኳት።
መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አሳለፍኩት።