ቁርጥ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ብሩክስ በረዶ ለብሳ፣
አባቴ አንጓውን ያሻል፣ ለሥራ ሊነሳ።
እኔ ከማዶው ነኝ፣ ከላፕቶፔ ኋላ፣
ዋጋን ከዋጋ ጋር ሳማታ፣ ሳጣላ።

የአምስት ደቂቃ ፊልም አዘዘች መምህሬ፣
«የምታውቁት ሰው ይሁን» አለች። እኔም ዞሬ ዞሬ
አባቴን ቀረጽኩት፤ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣
ጓንቱን በጥርሱ ሲስብ፣ ከብርዱ ሲሳሳቅ።
አርባ ደቂቃ ሆነ፤ ስልኬ ሞልቶ ፈሰሰ፤
መቁረጫው ላይ ስደርስ ኪሴ አለቀሰ።

አንደኛው የታወቀው፣ ሁሉም የሚምልበት፣
በየወሩ ኪራይ ነው፤ መቼም የማይገዙት።
ለተማሪ ቅናሽ አለ፤ ዓመቱ ሲሞላ ግን
እንደ ቤታችን አከራይ ይልካል ደብዳቤውን፦
«ከመጪው ወር ጀምሮ…» የቀረውን አላነብም፤
ለዚህ ቤት ልጅ ደብዳቤው አዲስ ነገር የለውም።

ሁለተኛው በነፃ ነው፤ ግን ምን ያደርጋል?
የኔን ላፕቶፕ ሲያየው ግማሽ መንገድ ይቀራል፤
ካልጋሪ የገባ ልጅ በመቶ አርባ የሸጠልኝ፣
አንድ ቁልፉ የወለቀ፣ ሲሞቅ ጭኔን የሚጠብሰኝ።
ማራገቢያው እሪ አለ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤
የአባቴ አፍ እንደተከፈተ ቃሉ መንገድ ላይ ባከነ።

ሦስተኛው «ሞክሪኝ» አለ። ሞከርኩት። ቆንጆ ነው።
ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ አውጥቼ ሳየው
ከአባቴ ደረት ላይ፣ ከካፖርቱ መሀል
በትልልቅ ነጭ ፊደል «የሙከራ» ይላል።

«የሙከራ!» አለ አባቴ ከጀርባዬ ቆሞ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሳቁ ቀድሞ፣
«ታዲያ ምኑን ዋሸ? አራት ዓመት ሙሉ
ወረቀቴ ላይም ያው ነው የሚለው ቃሉ።»
እሱ ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም።

ጆማር የክፍል ጓዴ ፍላሽ አቀበለኝ፤
«ሰብረነዋል፤ ሙሉ ነው፤ ማንም አያይሽ» አለኝ።
ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ አደረ፤ አልሰካሁትም፤
ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቫይረስ ፈርቼ እንጂ ሌላ አይደለም።

ረቡዕ ቤተ መጻሕፍት፣ የማታ ተረኛዋ ማርጅ
«ትንሽዬ ነገር አለች» አለች፣ «መልኳ አያምርም እንጅ፤
ሰዎች በየማዕዘኑ፣ ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ
የሠሯት ናት፤ ኪራይ የላት፤ የላት ማስጠንቀቂያ።»

አባቴ ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ፤
«በነፃ? ማን ነው ለባዳ ልጅ በነፃ የነደደ?»
«ደቦ ነው» አልኩት ቃል ጠፍቶኝ፤ እኔ የደቦን ማሳ
ሰምቼ እንጂ አይቼ አላውቅ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳ፤
«ደቦ ከሆነማ» አለ፣ ጃኬቱን እየቆለፈ፣
«ተራሽ ሲደርስ ትሄጃለሽ።» በሩን ከፍቶ አለፈ።

መልኳ እውነትም አያምርም። ሁለቴ ተዘግታብኛለች፤
የሁለት ሰዓት ሥራዬን ዋጥ አድርጋ ጠፍታለች።
በየደቂቃው ማስቀመጥ ያን ሌሊት ተማርኩኝ፤
ሰድቤያታለሁ። ሲነጋ ግን ይቅርታ አልኩኝ።

አንድ ቦታ ላይ አለ፤ «ምን ትሠራለህ?» እለዋለሁ፤
ዘጠኝ ሰከንድ ዝም ይላል። ጓንቱን ያያል። «ሥጋ እቆርጣለሁ።»
መምህሬ «ዝምታ ይቆረጥ» ብላለች፣ ሰው እንዳይሰለች፤
ማውሱን አስጠግቼ ነበር። ጣቴ እምቢ አለች።
እሱ በአንድ ፈረቃ ሺህ ጊዜ ይቆርጣል፤
የሱ ልጅ ዘጠኝ ሰከንድ መቁረጥ ያቅታታል።

ከሥራ ሲመለስ፣ ገና በረዶውን
ደጃፉ ላይ ሲያራግፍ ከጫማው፣
«በይ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ስንት ወጣ?»
«ምንም።»
«ምንም?» ቦርሳውን ፈታ፤ ሃያ ዶላር አወጣ፤
«ላኪላቸው። ደቦ ያለ ጠላ ከየት መጣ?»