አሥራ አንደኛ ለ

«ዕቅድህን አምጣ» አለኝ ምክትሉ፣
«ግቦቹ ይለኩ፣ ይቆጠሩ ሁሉ።
‹ያውቃል› ብለህ አትጻፍ፤ ማወቅ በዓይን አይታይም፤
‹ይረዳል›ም ይቅር፤ እሱም አይለካም።
‹ይዘረዝራል› በል፣ ‹ይለያል›፣ ‹ይጠቁማል›፤
ከወረዳ መጥተው ይኼንኑ ያዩታል።»

ደምበጫ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
መብራት በጠፋበት፣ በስልኬ ጭላንጭል፣ የመስከረም ማታ፣
ጻፍሁ።

ግብ አንድ፦ ተማሪው ገቢር የሆነውን ዐረፍተ ነገር ይለያል፣
ወደ ተገብሮም ገልብጦ ይጽፋል።
ግብ ሁለት፦ የእንግሊዝኛ ግጥም ጮክ ብሎ፣ ሳይፈራ፣ ያነባል፤
ገጣሚው ሳይጽፈው የተወው ምን እንደሆነም ያውቃል—
‹ያውቃል›ን ሰረዝሁት።
‹ይጠቁማል›።

ዘጠና ሁለት ልጅ፣ አርባ አንድ መጽሐፍ፣
ጫፉን አይጥ የበላው፣ ገጹ የሚረግፍ።
በግጥሙ ቀን ሦስት ሦስት ሆነው ባንዱ ላይ አጎነበሱ።
ግጥሙ ስለ ጉድጓድ ነው፤
አንድ ሰው ከአፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ይጣራል።
«ውሃ ፈልጎ ነው» አሉ፤
እኔም በማስታወሻዬ የያዝሁት እንደዚያው ነበር።
አዝመራው ተነሣ፣
ሁለት ዓመት ጎንጅ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ የመጣው፤
እንግሊዝኛውን እንደ ግእዝ
ወዳቂና ተነሽ እያደረገ ነው የሚያነበው።
«ጉድጓዱ ደረቅ ነው» አለ፤ «የሚጣራው የሞተ ወንድሙን ነው።»
ገጹን ደግሜ አየሁት። ወንድም የሚል ቃል የለበትም።
ግብ ሁለት፣ በአንድ ልጅ፣ ከዘጠና ሁለቱ።

መስታወት በሌለው መስኮት ሥር የምትቀመጠው
ይታይሽ ማናለ ትባላለች፤ ከተምጫ ማዶ ነች፤
ዓርብ ማታ ሄዳ፣ እሁድ የሳምንት ዱቄቷን አዝላ ትመጣለች፤
ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች።

«በተገብሮ ጻፉ» አልኋቸው፣ «አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር።»
ድልድዩ ተሠራ፣ ደብዳቤው ተላከ፣
ከመጽሐፉ እየቀዱ ሰጡኝ፤ ድልድይ በድልድይ ሆነ ደብተሩ።
እሷ በአራት ቃል፣ እኛ በሁለት የምንለውን፦
«በሬው ተሸጠ።»

እንደ ደንቡ ጠየቅሁ፣ ዕቅዱ እንዳዘዘኝ፣
«ማነው የሸጠው?» አልሁ፤ ቀና ብላ አየችኝ።
«ወደ ገቢር መልሺው።»
«ደላላው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።
ደወል ተደውሎ፣ ሌላው ሁሉ ሲወጣ፣
ወደ ጠረጴዛዬ ደብተሯን ይዛ መጣች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«የቤት ኪራይ ነበር መምህር፤ የአሥር ወር ዋጋ።
የሸጠውን አውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን ከጻፍሁት፣
ባዶ ገመድ ይዞ ከገበያ ሲመለስ፣ ሁላችሁም አያችሁት።
ይቅር፤ በሬው ብቻውን ይሸጥ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ተገብሮን አስተማርሁ፣
«አድራጊው ካልታወቀ፣ ወይም ካላስፈለገ» እያልሁ።
አድራጊው ሲወደድ፣
ስሙ ከአፍ ሲከብድ፣
ከዐረፍተ ነገሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ በር እንደሚከፈትለት
መጽሐፉ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ጥር ላይ ምክትሉ መጣ። «ግብ አንድ ተሳክቷል?»
«ተሳክቷል» አልሁት፣ ማን እንዳሳካው ሳልጠቅስ።
ራይት አደረገበት።

ሰኔ ላይ ፈተና። የይታይሽ ወረቀት ደረሰኝ።
«አንድ ገቢር ዐረፍተ ነገር ጻፉ» ከሚለው ሥር፦
«ማናለ በሬውን ይሸጣል።»

ጊዜው ስህተት ነው፤ ኃላፊ መሆን ነበረበት።
ቀዩን እስክርቢቶ አነሣሁ፤ ግሡን ከበብሁት፤
ከበብሁትና ቆምሁ።
ለካ በሬ የሚጠመደው ጥንድ ሆኖ ነው፤
አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ገና አለ።