የሌለ ነጥብ

የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ደረጃው ሳያልቅ ትንፋሼ የሚያልቅ።
በትከሻዬ የሽቦ ጥቅል፣ በኪሴ ካቻቢቴ፤
ዲሽ ሠሪ ነኝ፣ ሰው ጣሪያ ላይ ያለቀ ጉልበቴ።

ወይዘሮ ባንቺይርጋ በሩን ከፈቱ።
ሳሎኑ ባዶ፣ ከወለሉ እስከ አናቱ፤
ግድግዳው ላይ ብቻ፣ የእቁባቸው ዕጣ፣
አምሳ አምስት ኢንች፣ ላስቲኩ ከጠርዙ ያልወጣ።

«ሥዕሉ ልክ አይደለም።»
«ኳሱ ነው? ዜናው ነው?»
«እሱስ ጥርት ያለ ነው።»
«ታዲያ የቱ ነው?»
«ባሌ ነው።»

ፍላሹን ሰኩት። የሰማንያ ሦስት ሠርግ ነበረ፣
ሠላሳ ዓመት በካሴት የኖረ፣
በኋላ ፒያሳ አንድ ሱቅ ወደ ፍላሽ ያሻገረው፣
ሲያሻግርም ስንቱን ወንዝ ላይ ያስቀረው።

ሚዜዎቹ ተለጥጠዋል ከዳር እስከ ዳር፤
የሙሽሪት ወርድ እንደ ሚኒባስ በር።
መጀመሪያ እሱን ፈታሁ፤ አራት በሦስት አልኩት፣
ስክሪኑን ግራና ቀኙን ጥቁር አለበስኩት፤
ሰዎቹ ወደ ልካቸው ተሰበሰቡ።
«ይኸው» ብዬ ሪሞቱን ላስቀምጥ፣
«አይደለም» አሉ። «ፊቱን እይልኝ።»
አየሁ፤ ጉንጩ ልሙጥ፣
ዛሬ እንደ ተቀባ በር፣
ገና እንዳልታጠበበት ሳሙና።

«ምናሴ ፈንጣጣ የበላው ፊት ነበረው፤
ሰፈሩ ሁሉ ‹ወንፊቱ› ነው የሚለው።
በዚያ ፊት ላይ ነው እኔ እጄን ያሳለፍኩት፤
ይኼ ማን ነው? ይኼን ሰውዬ መች አገባሁት?»

እንዴት ብዬ ላስረዳ?
ካሴቱ የያዘው ነጥብ እፍኝ፣ ስክሪኑ ግን ጎተራ፤
ቀሪውን ማሽኑ ነው በግምት የሚሠራ።
«እንደ እቁብ ነው» አልኳቸው።
«አምስት ሰው ገብቶ አንዱ ብቻ ሲከፍል፣
ዳኛው ከኪሱ ሞልቶ ‹አልጎደለም› እንደሚል።»
«ሐሰት ነዋ!»
«ሐሰትም አይደለም፤ ጎረቤት አይቶ ነው የሚፈርድ፤
ከጥቁር ጎን ጥቁር፣ ከነጭ ጎን ነጭ፣ መሐሉን አመድ።
ብቻውን የቆመ ነጥብ ሲያገኝ፣ ወገን የሌለው፣
‹ቆሻሻ ነው› ብሎ ጠርጎ ነው የሚጥለው።»

«ቆሻሻ?» አሉ፤
እጃቸው ሳያውቁት የገዛ ጉንጫቸው ላይ ዋለ።

በሪሞቱ ቁልፍ ወደ ሆዱ ገባሁ።
ማጽጃውን አጠፋሁ፤
አጠፋሁ ማለስለሻውን፣
ሠርጉን የቱርክ ድራማ የሚያስመስለውን፤
ስለቱንም ወደ ዜሮ አወረድኩት።
(ሰው ምስሉ ሲደበዝዝበት ስለት ይጨምራል፤
በየከንፈሩ ዳር፣ በየጥለቱ፣ ነጭ መስመር ይሰመራል፣
አንድ ክር ግን አይወለድም።
ስለት ሁሉ አይሰምርም።)

ካሴቱ ተመለሰ።
አሸዋው ተመለሰ፤ ቀዩ ቀለም ከመስመሩ አልፎ ፈሰሰ፤
የሙሽራው ጉንጭ ፈላ፣
ነጥብ መጣ፣ ጠፋ፣ መጣ ሌላ።

ሙያዬ ነውና እውነቱን ልናገር፦
ያ ነጥብ የቴፑ እንጂ የምናሴ አልነበር።
በዚያ ካሜራ፣ በዚያ መብራት፣ ጠባሳ አይያዝም፤
ያው ፈንጣጣ ድንኳኑም ላይ ወጥቷል፣ ኬኩም ላይ፣
የቄሱም ጥምጣም ላይ፤ የማረው የለም።
ግን ለእሳቸው ይህን አልተናገርኩም።

ወንበራቸውን እስከ ኋላው ግድግዳ ሳቡ፣
መነጽራቸውን አወለቁ፣
ዓይናቸውን አጠበቡ።
ብዙ ዝም አሉ።
«ይኸውና» አሉ። «ይኸውና ወንፊቴ።»

ሦስት መቶ ጠየቅኩ፤ አራት መቶ ሰጡኝ።
ስወርድ መሽቷል፤ ከጣፎ በኩል የመጣ ንፋስ ጆሮዬን ይዞኝ፣
ታክሲ ተራው ጋ ደርሼ ዞር ብዬ ሳይ፣
ብሎኩ በርቷል፣ መስኮት ከመስኮት በላይ፤
መሐል ላይ አንዱ ጨለማ ነው።
ግራው በርቷል። ቀኙ በርቷል። ላዩም፣ ታቹም።
ልገምት ነበር፤
ተውኩት።