ቅንድብ

ኢሎኢሎ ከተማ፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣
ጨረቃ ወጥታለች፣ ኮከብ ሞልቷል ሰማይ፤
እኛ ግን በስልኩ "እንደምን አደሩ?"
እንለዋለን ሰውን፣ ባሕር ማዶ አገሩ።
እዚያማ ነግቷል፤
እዚህ ግን ዘበኛው ከነውሻው ተኝቷል።

ኔቪል መጣ አንድ ቀን ከግሪምዝቢ ወደብ፣
ከረባቱን አጥብቆ፣ ይዞ ወፍራም መዝገብ።
ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት፣
የጎርፍና የእሳት ካሳ ያሰላበት
ወንበሩ ተሸጧል፤ ሥራው ግን ተጭኖ
እዚህ መጥቷል አሉት፣ ረከስ ያለ ሆኖ።
"ሂድና አስተምራቸው፣ ጊዜህ ስድስት ወር ነው፤
ስትመለስ ደግሞ…" ቀሪውን ሳል ዋጠው።
ሟች ለቀባሪው አካፋ አያያዝ ሲያሳይ
ያኔ ነው ያየሁት፤ በፈገግታ፣ ያውም ከሰዓት በላይ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ዝናብ ነበር።
"ካሳውን ተዉትና፣ አስቀድሙ አየር፤
ካፊያ፣ ጉም፣ ውርጭ፣ ሰማይ የከበደው፣
የኛ ሰው ልቡን በዝናብ ነው የሚገልጠው።"
(እኛ ዝናብ ስንል፣ ቤቱን የሚነቅል፣
ጀልባ ከነዓሣው ጣራ ላይ የሚሰቅል።)
"ሁለተኛ፣ 'መጥፎ አይደለም' ካለ ደንበኛው፣
እልል በሉ፤ ያ ነው የምስጋና ጣሪያው።"

ሉዝቪሚንዳ ጻፈች። ሉዝቪሚንዳ ማለት
የሦስት ደሴት ስም ነው፣ አንድ ላይ የሰፉት፤
አባቷ መርከበኛ፣ አገር ሲናፍቀው፣
ጠቅልሎ በልጁ ስም ውስጥ ደበቀው።
እሷ ሰላምታዋ፣ ገና ስታየው፣
"በልተሃል?" ነው ሁሌ፤ እሱን ግራ ገባው፤
"አዎ፣ ሁለት እንቁላል፣ ትንሽ ዳቦ" እያለ
ቁርሱን ሪፖርት ያደርጋል፣ እየማለ።

ሦስት ወር አለፈ፤ ሩዙን ለመደው፤
ዓሣውንማ እሱም ወደብ ነው ያደገው።
አንድ ሌሊት፣ ማተሚያው ወረቀት ነክሶ ሲያቃስት፣
እሷ ስትጎትት፣ እሱ ባትሪ ሲያበራላት፣
"ቅዳሜ… ወንዙ ዳር… ምናልባት… እራት?"
አላት።

ምንም አልመለሰች። ሁለቱን ቅንድቧን
አንዴ ብድግ አርጋ፣ ቀጠለች ሥራዋን።

ቅንድብ ብድግ ማለት ለኛ ሰው "አዎ" ነው፣
ከ"አዎ"ም የጠለቀ፣ ምላስ የማይደርሰው።
በኔቪል አገር ግን "አበድክ እንዴ?" ማለት።
ቅዳሜን አመሸ ሾርባ ሲያማስል፣ ብቻውን፣ ቤት።
እሷ ወንዙ ዳር ምግብ ቤት፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣
ጠበቀች፣ አሳላፊው ወንበር ገልብጦ እስኪያነሳ።

ሰኞ ያንኑ ቢጫ ለብሳ መጣች፣ በቁጣ።
እሱም ፈራ ተባ ብሎ፣ ሌላ ቃል ቢያጣ፣
"ቀሚስሽ…" አለ፣ "መጥፎ አይደለም።"

አይ ኔቪል!
ደብተሯ ገጽ ዘጠኝ ትርጉሙ ተጽፏል፤
ልቡ የተቃጠለ ግን ደብተር መች ይገልጣል?
ሁለት ሳምንት ሙሉ ወሬው በኢሜይል ሆኗል፤
መሀል ለተቀመጥኩት ሻዩ እንኳን በርዷል።

ከዚያ ስልክ ጮኸ። ከግሪምዝቢ፣ አንዲት አሮጊት፤
"ቧንቧ ፈነዳብኝ፣ ባሕር ሆኗል ማጀት።"
ሉዝም እንደ ደንቡ አየሩን ጠየቀች፤
አሮጊቷ ደስ ብሏት ስለ ልጇ ጀመረች።
"እዚያው እናንተ ጋ ነው፣ ኔቪል። ያሳደግኩት
'መጥፎ አይደለም' ሲል ሁለቴ ነው የሰማሁት፤
አንዴ ባሕር ያየ ቀን፣ በሦስት ዓመቱ፤
አንዴ ደግሞ ባለፈው፣ በስልክ፣ በሌሊቱ፣
ስለ አንዲት ባለ ቢጫ ቀሚስ።"

ሉዝ ካሳውን ፈቀደች፤ ልቧ ሲርድ፣ ጨመረች
ከሚገባት በላይ፣ አንድ ሙሉ ማጀት ሰጠች።
ሄዳ ፊቱ ቆመች። "በልተሃል?"
"አዎ፣ ሁለት እንቁ…" እግሩን በጫማዬ ረገጥኩት።
"አልበላሁም" አለ።

ሁለቱ እየበሉ ዝናቡ ሲያባራ፣
ደብዳቤ ደረሰን፦ ሥራው ተነሥቷል በተራ፣
ከኛም ወደሚረክስ፣ ስሙን ወደማናውቀው።
"ሉዝ፣ ሂጂና አስተምሪ፤ ጊዜሽ ስድስት ወር ነው፤
ስትመለሺ ደግሞ…" ያንኑ ሳል ሳሉ።

"ልከተልሽ?" አለ ኔቪል፣ እየተንቀጠቀጠ።
እሷ ምንም አላለች። ቅንድቧ ብቻ ብድግ አለ።
እሱም ሻንጣ ሊገዛ እየሮጠ ወረደ።

ከረባቱን ለእኔ ትቶልኛል።
መጥፎ አይደለም።